የአበበች ታሪክ ስንት መስመር ነው?

«ምን ታሪክ አላት? ተወለደች፣ ጌታን ተቀበለች፣ ወደ ጌታ ሄደች። አራት መስመር ይበቃታል።»

ዲበኩሉ ይህን ያለው ለእድሩ ሊቀመንበር ነበር፤ መምህር ብዙነህ ደግሞ ከድንኳኑ ሸራ ማዶ ገመድ ይዞ እንደቆመ ሰማው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። የዲበኩሉ እህት አበበች ሌሊት ሆስፒታል አርፋ፣ ቀብሯ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆርጧል። ዲበኩሉ ክፉ ሰው አይደለም። ሌሊቱን በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳለፈ የስድሳ ስድስት ዓመት ጡረተኛ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል። ያለውንም ያለው በንቀት አይደለም፤ በሰው ላይ ሥራ ላለማብዛት ብሎ ነው። ብዙነህን የከነከነውም ይኸው ነበር። በንቀት ቢናገር ኖሮ በሆዱ ተቆጥቶ ይተወው ነበር፤ ሰውየው ግን የሚያውቀውን እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ሸራው ተወጠረ፣ ገመዱ ታሰረ፣ ሊቀመንበሩም ወደ ብዙነህ ዞር ብሎ «እንግዲህ መምህር፣ አጠር አድርገህ ጻፋት» አለው።

የሕይወት ታሪክ መጻፍ የብዙነህ ድርሻ ነው። በዚህ የአዳማ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያወርድ፣ አውቶቡስ የሚከራይ ሁሉ ይታወቃል፤ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሚጽፈው የእድሩ ጸሐፊ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ መምህሩ ብዙነህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ድርሰት አስተምሯል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ደግሞ የሰፈሩን ሟች ሁሉ ጽፏል። ለዚህ የሚሆን አንድ ሰማያዊ ደብተር አለው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ክፍት ቦታ እየተተወ የተጻፈ ጽሑፍ ይገኛል። ከአባት ስም ይነሳና በትምህርት፣ በሥራ፣ በትዳርና በልጆች በኩል ወርዶ «ለተቸገረ ደራሽ፣ ለታመመ ጠያቂ፣ በሰው ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ነበሩ» የሚለው ላይ ያርፋል። ክፍቱን መሙላት ብቻ ነው። ጎረቤቶቹን በየተራ ፍርድ ቤት ያቆመ አንድ ሰውዬ ሳይቀር «ሰላም ወዳድ» ተብሎ ተቀብሯል። ያን ዕለት ሳቅ ያመለጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሳል አስመስሎ አለፈው።

ከለቅሶው ቤት ወጥቶ ባጃጅ ያዘ። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ነው፣ ግን እረፍት የለውም፤ ድርሰት ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና አለበት፣ ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው። ባጃጁ ውስጥ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መሙላት ጀመረ። የአባትና የእናት ስም ሞላ። የትውልድ ቦታ፣ አርሲ። ትምህርት፣ የለም፤ ሰረዘው። የሥራ ዘመን፣ የለም። ባል፣ የለም። «የስንት ልጆች እናት» የሚለውንም ሰረዘው። አበበች ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በወንድሟ ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ኖራለች፤ የወንድሟ ሚስት ጂቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ስለምትውል አራቱን ልጆች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ይህ ግን ከደብተሩ ክፍት ቦታዎች በአንዱም አይገባም። ባጃጁ ኮሌጁ በር ላይ ሲቆም ያልተሰረዘውን ቆጠረ። አራት መስመር ሆነ። ዲበኩሉ ልክ ነበር። ብዙነህ ደብተሩን ዘግቶ ከባጃጁ ወረደ፣ ደስ ግን አላለውም።

አዳራሹ ውስጥ ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከዱከምና ከባቱ የመጡ አርባ መምህራን አሉ፤ ግማሹ የአማርኛ፣ ግማሹ የአፋን ኦሮሞ መምህር ነው። አሠልጣኟ ሶረቲ ከሠላሳ አምስት ዓመት አትበልጥም። ትናንት ጠዋት ስትገባ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አንጋፎች ተያይተው ነበር፤ ብዙዎቹ እሷ ጡት ስትጠባ ጠመኔ ይዘው የቆሙ ናቸው። ሁሉም ራሱን ያስተዋውቅ ሲባል ብዙነህ በተራው ተነስቶ፣ በየስብሰባው የሚለውን አለ። ከአንድ ቤት የወጡ አራት ወንድምና እህት አስተምሮ አራቱም በየተራቸው የከተማውን የድርሰት ውድድር አሸንፈዋል፤ አንዷ ዛሬ ባቱ መምህርት ናት፣ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ ሬድዮ ጣቢያ ይሠራል፣ ታናሿ ዩኒቨርሲቲ ናት። «አራቱም ከኔ እጅ የወጡ ናቸው» አለ። ትምህርት ቤቱ ለዚህ የምስክር ወረቀት ሰጥቶታል፤ መምህራን ክፍል ውስጥም «የድርሰት አባት» ይሉታል፣ ግማሹ ለሹፈት፣ ግማሹ ከልቡ። ሶረቲ ይህን ሰምታ እንዲያው አልተወችውም፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ማለትም ነገ፣ አራቱን እንዴት እንዳፈራ ልምዱን እንዲያካፍል ስሙን ፕሮግራሙ ላይ አስገባችው። አራቱ የዲበኩሉ ልጆች ናቸው።

«አካም ቡልተን፣ ጋሼ» አለችው ጎኑ የምትቀመጠው ቀመሪያ፣ ከባቱ የመጣች የአፋን ኦሮሞ መምህርት ናት። ሰላምታዋን መልሶ ሳይጨርስ ሶረቲ ባዶ ወረቀት ማደል ጀመረች። «ዛሬ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ» አለች። «ስለ አንድ የምታውቁት ሰው። ደግ ነበር፣ ጎበዝ ነበር አትበሉኝ። ሲሠራ ያያችሁትን ጻፉልኝ።» ጽሑፍ እያስተማሩ ያረጁ አርባ ሰዎች ወረቀቱን አፈጠጡበት፤ አንዱ ክንዱን አጥር አድርጎ ሸፈነው፣ አንዱ ከላይ «ዓላማ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ አሰመረ፣ ከሞጆ የመጣው ሰውዬ ደግሞ እጁን አውጥቶ «ስንት መስመር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ተማሪ ይህን ሲጠይቅ ሁላቸውም የሚበሳጩበት ጥያቄ ስለሆነ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ሰውየው ግን ከምሩ ነበር። ብዙነህ የአማርኛ መምህር ሆኖ ሳለ፣ ከቃለ ጉባኤ፣ ከማመልከቻና ከሟቾቹ በቀር ለራሱ አንድ ገጽ ጽፎ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ልጨርስ ብሎ ሰማያዊውን ደብተር አውጥቶ የአበበችን አራት መስመር ገለበጠ፣ «ለተቸገረ ደራሽ» የሚለውንም ጨመረበት።

ጥንድ ጥንድ ሆነው ሊነባበቡ ሲሉ ሶረቲ አንድ ፌስታል ይዛ በየወንበሩ ዞረች። የሚያዳምጠው ሰው እስክሪብቶውን ፌስታሉ ውስጥ ይከታል። «ሰሚ እስክሪብቶ አይይዝም» አለች፤ «እጃችን ላይ ካለ ስህተት እንፈልጋለን፣ ስህተት ስንፈልግ ደግሞ ሰውየው ያለውን አንሰማም። ዝም ብላችሁ ስሙት፣ ሲጨርስ ያላያችሁትን ጠይቁት።» ቀመሪያ እስክሪብቶዋን ሰጠችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ብዙነህ በለመደው የቀብር ድምፁ አነበበላት። ስትሰማ ቆይታ አንገቷን ደፋች፤ ማስከፋት እንዳልፈለገች ፊቷ ላይ ይታያል።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ሴትዮዋን አላየኋትም» አለች። «ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?»

ብዙነህ «እንጃ» ሊል ነበር። ከዲበኩሉ በር ሦስት በር አልፎ ነው የሚኖረው፤ አበበችን ሃያ ምናምን ዓመት በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ» ብሏታል፤ ምን ስትሠራ እንዳገኛት ግን አስቦ አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ሲፈልጋት ጀሪካን ይዛ አገኛት። ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ክዳኑ በምስማር የተበሳ። የትናንቱን የልብስ ማጠቢያ ውሃ በሱ ሞልታ ከበራቸው ጀምራ እስከ አስፋልቱ ድረስ ኮረኮንቹ ላይ ታርከፈክፋለች፤ ጎንበስ ብላ፣ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ያረከፈከፈችውን ሳትረግጥ። ይህን ጻፈው። ቀመሪያ «ለምን ታርከፈክፍ ነበር?» አለችው። አላውቅም አላት። እንደማያውቅ ሲናገር ደግሞ ሌላ ነገር መጣበትና ጆሮው ድረስ ጋለ። የእድሩ ጸሐፊ በሆነበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰፈር ላጸዳ ብሎ ተነስቶ በነበረበት ጊዜ፣ ለዚችው ለአበበች «ቆሻሻ ውሃ መንገድ ላይ በመድፋት ጭቃ እየፈጠሩ ስለሆነ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማህተም አድርጎ ሰጥቷት ነበር። ይህን ለቀመሪያ አልነገራትም።

የሻይ ሰዓት ላይ ግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ ለቦንቱ ደወለላት። ቦንቱ የዲበኩሉ የመጀመሪያ ልጅ፣ ባቱ የምታስተምረው ናት፤ ለቀብሩ በሚኒባስ እየመጣች ነበር። አጽናናት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት፣ ከዚያም ስለ ውሃው ጠየቃት። ስልኩ ውስጥ የሹፌሩ ሙዚቃና ነፋስ ይሰማል። «እንዴ፣ አቧራውን ነዋ» አለች ቦንቱ። «እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ነጭ ካልሲ ይደረግ ነበር። ትምህርት ቤት ስደርስ ካልሲዬ ቡናማ ሆኖ ልጆቹ ሳቁብኝና አለቀስኩ። በማግስቱ መንገዱን አረጠበችው። ከዚያ ወዲያ አልተወችም፤ ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ በኋላ እንኳ ነፋሱ ከየትም ያመጣዋል እያለች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በሱ ላይ ነው ያለፈው። የእርስዎም ልጆች።» ብዙነህ ስለ ደብዳቤው ታውቅ እንደሆነ በፈራ ድምፅ ጠየቃት። ቦንቱ ሳቀች፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ድንገት እንደሚስቀው ዓይነት ነው። «ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ‹ደህና አድርጎ ጽፏል፣ ግን ለምን እንደማርከፈክፍ አልጠየቀኝም› አለች። በማግስቱም አረከፈከፈች።»

ይህ ብቻውን ይበቃው ነበር፤ ቦንቱ ግን ጀምራ ማቆም አልቻለችም። መስኮቱን ዝጉልኝ ስትል ተሰማ፣ ከዚያ ድምፅዋ ቀረብ አለ። «ጋሼ፣ የሕይወት ታሪኳን እርስዎ ከሆኑ የሚጽፉት አንድ ነገር ልንገርዎት። ድርሰት ሲሰጡን ማታ ማታ ለእታበባ ነበር የምናነብላት።» ልጆቹ አበበችን የሚጠሯት እታበባ እያሉ ነው። «ፊደል አታውቅም፤ ምስር እየለቀመች ትሰማለች። አርማን አታውቅም። ትጠይቃለች። ሰውየው በየት በኩል ገባ? ሲገባ ውሻው አልጮኸም? እናትየው ያን ጊዜ እጇ ላይ ምን ነበር? አናውቅማ። ‹እንግዲያው አላያችሁትም፣ ሄዳችሁ እዩትና ኑ› ትላለች። እያለቀስን እንደገና እንጽፋለን። አንዳንዴ ሦስቴ። ወንድሜ ጋሮምሳ አንድ ጊዜ ተናዶ ደብተሩን ቀደደው፤ ቁጭ ብላ በስፌት መርፌ ሰፍታ ሰጠችውና ‹አሁን ውሻውን አምጣው› አለችው። አይከፋዎትና፣ እርስዎ ጋ የሚደርሰው አራተኛው ነበር።»

ብዙነህ ስልኩን ከጆሮው ካወረደ በኋላም ዛፉ ሥር ቆመ። መጀመሪያ የተሰማው እፍረት ነበር፤ አራተኛው ላይ «የፊደል ስህተት ሦስት፣ የእጅ ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ዘጠኝ ከአሥር» ብሎ በቀይ ሲጽፍ ታየው፤ እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ነው የምስክር ወረቀት የተቀበለው። እፍረቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከኋላው የመጣው ነገር ስለሚበልጠው ቦታ ለቀቀለት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሶረቲ ከዩኒቨርሲቲ ይዛ የመጣችውን፣ በወፍራም ሞጁል የታተመውን፣ አርባ መምህራን ለመማር አበል የተከፈላቸውን ነገር፣ አንዲት ፊደል የማታውቅ ሴት ከሦስት በር ማዶ፣ ምስር እየለቀመች፣ በየማታው ስትሠራው ነበር። ማን አስተማራት? ማንም። ዝም ብላ መስማት ትችል ነበር። ብዙነህ እንዲህ ደንቆት አያውቅም። የሚያውቃት ሰፈር፣ የሚያውቃት ጠባብ መንገድ፣ የዲበኩሉ የቆርቆሮ በር ሳይቀር ሌላ ሆነበት፤ ሃያ ምናምን ዓመት አጠገቡ ትልቅ ሰው ኖሮ ሳያይ መቅረቱ ፈራ ፈራ አሰኘው። ከየበሩ ኋላ እንዲህ ያለ ስንት ነገር አለ ብሎ አሰበና የሻዩን ብርጭቆ እንደያዘ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ተመልሶ ገብቶ እስከ ምሳ ሰዓት ጻፈ። ሁለት ገጽ ሆነ። ቀመሪያ እስክሪብቶዋን እንደገና ፌስታሉ ውስጥ ከትታ ሰማችው፤ ውሃው፣ ነጩ ካልሲ፣ የተበሳው ክዳን፣ ደብዳቤውም ሳይቀር አለበት። ሲጨርስ «አሁን አየኋት» አለች፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር። ከዚያ ግን ወዲያው አልተነሳችም። ዛፉ ሥር ሲያወራ እሷም ከጥቂት እርምጃ ርቃ ሻይ ትጠጣ ነበር፤ «ማታ ማታ ነበር?» ሲል፣ «አራተኛው?» ሲል ሰምታዋለች። «ስልኩ ላይ የነገሩዎትስ?» አለችው ቀስ ብላ። ብዙነህ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ጊዜ የለም አላት። ጊዜስ ነበረው። ያልነበረው ሌላ ነው። ቀብሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ይመጣል፣ ባልደረቦቹ ይመጣሉ፣ የሰፈሩ ወላጅ በሙሉ ይመጣል። አራቱ ልጆች ከአበበች የምስር ሰፌድ አጠገብ ከሆነ የወጡት፣ ከሱ እጅ የወጣ ማን ነው? ነገ ጠዋት ደግሞ አዳራሹ ፊት ቆሞ ምን ሊያካፍል ነው?

ሶረቲን አስፈቅዶ ወደ ሰፈር ተመለሰ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ አስከሬኑ መጥቷል፣ ከውስጥ መዝሙር ይሰማል። ሰው እንዳያየው ከዲበኩሉ በር ፊት ለፊት ወዳለው የጂብሪል ሱቅ ገባና የለስላሳ መጠጥ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ጂብሪል ለለቅሶው ብሎ የሱቁን መስኮት ግማሹን ዘግቶታል፤ እሱ ራሱ ከጠዋት ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲያድል ውሎ ውሃ ሊጠጣ ነው የገባው። ብዙነህ አዲስ የተማረውን ጥያቄ ጠየቀው፣ አበበችን ምን ስትሠራ አይተሃል አለው። ጂብሪል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሚስቴ የታመመች ጊዜ፣ አንድ ረመዳን ሙሉ ለሱሁር፣ ጎህ ሳይቀድ እንድበላ፣ የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት» አለ። «እኔ ሆስፒታል አምሽቼ መጥቼ እንደ እንጨት ነው የምወድቀው። ቆርቆሮውን በድንጋይ ሦስት ጊዜ ትመታለች። መብራት እስካበራ አትሄድም። በኋላ ‹አንቺ በኛ ጾም ምን አገባሽ› ብላት፣ ‹ልጆችህ ሌሊት ሳትበላ ስትውል እያዩ ምግብ አይወርድላቸውም› አለችኝ። እውነትም አይወርድላቸውም ነበር፤ እኔ አባታቸው አላየሁትም።» ከዚያ ወንበሩን ሊያድል ወጣ። ብዙነህ ይህንንም ጻፈው። የቀረችውን አንዲት ነገር ይዞ ግን ሳጥኑ ላይ ብዙ ተቀመጠ፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ነክቶ ይመለሳል። በመጨረሻ ያስጻፈው ጀግንነት አልነበረም። ይህችን ነገር ካስቀራት ከደብተሩ ክፍት ቦታ የሚሻል ነገር እንዳልሠራ ስለገባው ነው። ጻፋት፤ አንዴ ከጀመራት ደግሞ እጁ አልቆመም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመቃብሩ ቦታ ላይ ነፋስ ነበር፤ የጥር መጨረሻ ነፋስ፣ አዳማን አቧራ የሚያለብሳት። መዘምራኑ ጨርሰው መጋቢው ወደ ብዙነህ ሲያመለክት ሰዉ እንደ ልማዱ የሁለት ደቂቃ ንባብ ለመስማት እጁን አጣመረ። ቦንቱ ከወንድሞቿና ከእህቷ ጋር ከፊት ናት፣ ዲበኩሉና ጂቱ አጠገባቸው፤ ርዕሰ መምህሩ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከኋላ ቆሟል፤ ቀመሪያ፣ ሶረቲም የከሰዓቱን ሥልጠና ለረዳቷ ትታ፣ መጥተው ዳር ላይ ይታያሉ። ብዙነህ የቀብር ድምፁን ፈልጎ አጣው፤ በተራ ድምፁ ነው ያነበበው።

«አበበች የልብስ ውሃ አትደፋም ነበር» ብሎ ጀመረ። ሰዉ ቀና አለ። ውሃውን አነበበ፣ ካልሲውን አነበበ፣ የቆርቆሮውን ሦስት ምት አነበበ፤ ጂብሪል ከሰዉ መሃል ኮፍያውን አውልቆ ያዘ። ደብዳቤው ላይ ሲደርስ «ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያም ወደ መጨረሻው ገጽ ዞረ። «በዚህ ሰፈር ድርሰት አስተማሪው እኔ ነኝ ተብሎ ይታመናል። እኔም አምን ነበር። የዲበኩሉ አራት ልጆች ድርሰት ያሸነፉት ከኔ ተምረው ነው ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ እንደሰማሁት እኔ ጋ የሚደርሰው አራተኛው ነው። የመጀመሪያው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚደርሰው ምስር ለቃሚዋ ጋ ነበር። እሷ ፊደል አታውቅም። ሰውየው በየት በኩል ገባ ብላ ትጠይቃለች። ካላዩት ሄደው አይተው እንዲመጡ ትልካቸዋለች። እኔ ስህተታቸውን ቆጠርኩላቸው፤ እሷ ግን ሰማቻቸው። ስለዚህ ሥራ በሚለው ቦታ፣ አበበች የጽሑፍ መምህርት ነበረች ብዬ ጽፌያለሁ።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት «እንደምን አደርሽ» ያሏት ሰዎች ሣጥኑን አሁን ገና ያዩት ይመስል አፍጥጠው ያዩታል። ከፊት ያለች አንዲት እናት ጠብ ያለ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። ብዙነህ አጣዋለሁ ብሎ የፈራውን ክብር ቢያስበው የጎደለበት ነገር አልታየውም፤ ቀለል ብሎታል። ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ዲበኩሉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። አሁንም የሸሚዙ ቁልፍ እንደተዛነፈ ነው።

«መምህር፣ አንድ የቀረ አለ» አለ። ለብዙነህ ብቻ የሚናገር መስሎት ነበር፣ ግን ሁሉም ሰማው። ሣጥኑን አያይም፤ መሬቱን ያያል። «ቦንቱ ስትወለድ ለሁለት ወር ብዬ ነው ከአርሲ ያመጣኋት። ማታ ትምህርት አስገባሻለሁ ብያት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጠየቀችኝ። በሁለተኛውም ዓመት ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። እሱንም ጻፈው።»

ብዙነህ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ወረቀቱን የሚያስደግፍበት ቢያጣ ቦንቱ ዞር ብላ ጎንበስ አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። ነፋሱ ወረቀቱን እየታገለ፣ ዲበኩሉ ቃል በቃል እየደገመለት ጻፈ። መጋቢው መጽሐፍ ቅዱሱን ጣቱን አስገብቶ ዘጋ፤ ቆፋሪዎቹም አካፋቸውን ተደግፈው ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቁት።